ለልብ ኢንፌክሽን የተኛንበት ሆስፒታል፦ ምኑ ጥሩ ነው፣ ምኑ ይስተካከል

ታናሽ እህቴ በልብ ኢንፌክሽን አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ሆስፒታል ተኝታ ታክማ ወጥታለች። አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ። ስንወጣ አስተያየት መስጫ ብለው የሰጡን ወረቀት አራት ሳጥን ብቻ አለው፣ «በጣም ጥሩ»፣ «ጥሩ» እያለ የሚወርድ። ያየሁትን ሁሉ እዚያ ውስጥ መክተት ስላልቻልኩ እዚህ ልጻፈው። የሆስፒታሉን ስም ግን አልጠራም። የማመሰግንበትም የምወቅስበትም ነገር አለኝ፣ ደግሞም የትም ሆስፒታል ብትሄዱ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ እንድታውቁ ነው የምፈልገው።

ፍርዴን ከመጀመሪያው ልናገር። ሆስፒታሉ ብዙ የሚስተካከል ነገር አለው። አንድ ትልቅ ነገር ግን በትክክል አድርጓል፦ አንቲባዮቲክ ከመስጠቱ በፊት ለካልቸር፣ ማለትም ደሙ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አብቅሎ ለመለየት፣ ደም ወስዷል። ከዚያ በኋላ የተሳካው ሁሉ የተሳካው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

እህቴ ልጅ ሳለች ጉሮሮዋን እየደጋገማት ኋላ ላይ የሩማቲክ የልብ ሕመም እንዳለባት ታወቀ። ማይትራል የሚባለው በግራ በኩል ያለው የልብ በር (ቫልቭ) ተጎድቷል። እንዲህ ያለ ቫልቭ ያለው ሰው ደሙ ውስጥ ባክቴሪያ ሲገባ፣ ጤነኛ ልብ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ የሚያሳልፈው ባክቴሪያ በተጎዳው ቦታ ላይ ሊጣበቅበት ይችላል። እዚያ ይቀመጥና ከረጋ ደም ጋር ተዳብሎ ጉብታ ይሠራል። ሐኪሞቹ ቬጂቴሽን ይሉታል። ኢንዶካርዳይተስ ማለት ይህ የልብ የውስጠኛው ሽፋን ኢንፌክሽን ነው። አንዳንዱ ዓይነት ለሳምንታት ቀስ እያለ ሰውን ያመነምናል። ስታፍ ኦሪየስ የሚባለው ባክቴሪያ የሚያመጣው ግን በቀናት ውስጥ ቫልቭ ሊበሳ ይችላል፣ ከጉብታው ተቆርጦ የሚሄደው ቁራጭ ደግሞ አንጎል፣ ኩላሊት ወይም ጣፊያ ገብቶ የደም ሥር ይዘጋል። ፔኒሲሊን ከመምጣቱ በፊት ይህ በሽታ ይዞት የሚተርፍ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ዛሬም በጥሩ ሆስፒታል ውስጥ እንኳ ከአምስት ታካሚ አንዱ ገደማ ይሞታል። ስለዚህ የምጽፈው ስለ ቀላል ነገር አይደለም።

ሆስፒታሉ ጋ ከመድረሳችን በፊት የሆነውን መንገር አለብኝ፣ ምክንያቱም ብዙ ቤት የሚሆነው እሱ ነው። ትኩሳት ያዛት፣ ብርድ ብርድ አላት፣ ሌሊት አንሶላው እስኪርስ አላባት። የሰፈር ክሊኒክ ሄደች። ደም ሰጠች፣ ውጤቱ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተባለ። ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ ሄዶ ይህን ያልተባለ የአዲስ አበባ ሰው ስንት ነው? ለታይፎይድ የሚደረገው ዊዳል የሚባለው ምርመራ የሚፈልገው ባክቴሪያውን ራሱን ሳይሆን ሰውነታችን ለመከላከል የሠራውን ነገር ነው። ያ ደግሞ ከቆየ ሕመም ወይም ከሌላ ባክቴሪያ የተረፈ ሊሆን ይችላል። በአንድ ዊዳል ብቻ ተነስቶ ታይፎይድ ነው ማለት አይቻልም። ክሊኒኩ ግን በዚያው መርፌ ጀመረላት። የልብ ሕመም እንዳለባት ነግራቸዋለች። ልቧን ያዳመጣት ሰው ግን አልነበረም። ይህ በጣም ያናድደኛል፣ ማዳመጫው አንገታቸው ላይ ነበር እኮ።

መርፌው ትኩሳቱን ለጥቂት ቀን አበረደው። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ትንሽ ቀን የተወሰደ አንቲባዮቲክ ቫልቭ ላይ የተቀበረውን ባክቴሪያ አይጨርሰውም፣ ደም ውስጥ የሚዞረውን ግን ይቀንሰውና ምርመራ ላይ እንዳይታይ ያደርገዋል። ኢንዶካርዳይተስ እያለ ካልቸር ባዶ ሆኖ የሚመጣበት ዋናው ምክንያት አስቀድሞ የተወሰደ አንቲባዮቲክ ነው። መርፌው ሲያልቅ ትኩሳቱ ብሶ ተመለሰ። ደረጃ መውጣት ሲያቅታት ወደ ሆስፒታሉ ይዘናት ሄድን።

የድንገተኛ ክፍሉ ወረፋ ረጅም ነው። ወንበር አይበቃም። ካርድ ለማውጣት አንድ ሰው ሲሰለፍ ሌላው በሽተኛውን መያዝ ስላለበት ብቻችሁን አትሂዱ። ግን ያየቻት ወጣት ሐኪም ገና ከመቀመጧ «የልብ ሕመም አለብሽ?» ብላ ጠየቀቻት። አዎ ስትላት ነገሩ ሁሉ ተቀየረ። አዳመጠቻት። የእጆቿን ጥፍሮች አንድ በአንድ አየች፣ የዓይኗን ሽፋን ገልብጣ አየች፣ ካልሲዋን አስወልቃ ውስጥ እግሯን ሳይቀር አየች። በቅርቡ ብጉንጅ ወጥቶብሽ ነበር? ጥርስ ተነቅለሻል? ግሉኮስ ተተክሎልሽ ያውቃል? ክሊኒክ የወሰድሽው መድኃኒት ስሙ ምንድነው፣ መቼ ጨረስሽ? እኔ መጀመሪያ የእግር ምርመራው ግራ ገብቶኝ ነበር። በኋላ እንደነገረችን ጥፍር ሥር እንደ ስንጥር የሚታዩ ቀጫጭን የደም መስመሮችና መዳፍ ወይም ውስጥ እግር ላይ የሚወጡ የማያሙ ቀያይ ነጠብጣቦች የዚህ በሽታ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። እህቴ እግር ላይ ነበሩ። እኛ ቤት ውስጥ ማንም አላያቸውም።

ነርሱ መርፌ ይዞ ሲመጣ «ቆይ፣ መጀመሪያ ካልቸር» አለችው። ይህች ሐኪም ለእኔ አምስት ከአምስት ናት።

ላብራቶሪውንም አደንቃለሁ። ደሙን የወሰደው ልጅ ቆዳዋን በደንብ አጸዳ፣ እስኪደርቅ ጠበቀ፣ ከዚያ ከሦስት የተለያየ ቦታ ወሰደ። በየቦታው ሁለት ሁለት ጠርሙስ፣ በየጠርሙሱም ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር። እማዬ አጠገባችን ነበረች፣ «ልጄን ደሟን ጨረስከው እኮ!» አለችው። ልጁ አልተቆጣም። «እማማ፣ አንድ ቦታ ብቻ ብወስድና ባክቴሪያ ቢወጣ፣ ከቆዳዋ የመጣ ይሁን ከደሟ አናውቅም። ሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት ከወጣ ግን ደሟ ውስጥ ነው» አላት። ለሰው እንዲህ የሚያስረዳ የላብራቶሪ ባለሙያ ማየት ደስ ይላል። ደሙ ከተወሰደ በኋላ መድኃኒቱ ወዲያው ተጀመረ፣ ውጤት አልተጠበቀም። ይህም ትክክል ነው፤ በጠና የታመመ ሰው ደሙ ይወሰዳል እንጂ ካልቸሩ እስኪያበቅል አይቆይም።

በማግስቱ ባክቴሪያ ማብቀል ጀመረ። ላብራቶሪው ራሱ ወደ ክፍሉ ደውሎ ተናገረ፣ እኛ ውጤት ፍለጋ መስኮት ላይ አልተሰለፍንም። ስሙና የሚገድለው መድኃኒት ደግሞ ቆየት ብሎ ተለየ፣ ስታፍ ኦሪየስ። ክሊኒክ ያንን ሁሉ መርፌ ወስዳም ባክቴሪያው መገኘቱን ሐኪሙ ራሱ ዕድል ነው ብሎታል።

ኢኮው (የልብ አልትራሳውንድ) ላይ ቅሬታም ምስጋናም አለኝ። በደረት ላይ የሚደረገውን ኢኮ የልብ ሐኪሙ ራሱ ሠራው፣ ስክሪኑን ወደ እኛ አዙሮ ቫልቩ ላይ የሚወዛወዘውን ጉብታ አሳየን። ግን አንድ ነገር እወቁ። ሰው ሠራሽ ቫልቭ በሌለው ሰው በደረት የሚደረገው ኢኮ ከአሥር ሕመምተኛ ሰባቱን ገደማ ነው የሚያገኘው። በጉሮሮ ወደ ውስጥ ገብቶ ከልብ ጀርባ ሆኖ የሚያየው ኢኮ ግን ከአሥር ከዘጠኝ በላይ ያገኛል። የመጀመሪያው ኢኮ ምንም የለም ቢላችሁና ጥርጣሬው ጠንካራ ከሆነ ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ መደገም አለበት። «ኢኮ ንጹሕ ነው» ተብለው ወደ ቤት የተመለሱ ሰዎችን አውቃለሁ፣ ለዚህ ነው አጥብቄ የምናገረው። የጉሮሮው ኢኮ በዚህ ሆስፒታል የለም። ሌላ ቦታ ተላክን፣ አምቡላንሱ ለብቻው ተከፈለ፣ ምግብ ሳትቀምስ መሄድ እንዳለባትም ማንም አልነገረንም። እዚያ ስንደርስ ቁርስ በልታለች ተብሎ እስከ ከሰዓት ጠበቅን። ለልብ በሽተኛ እንዲህ ያለ ቸልተኝነት ይቅርታ የለውም።

በሽታው በምን ተረጋገጠ ብዬ ስጠይቅ ሐኪሙ ወረቀት አውጥቶ ጻፈልኝ። በ1994 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ የወጣ መመዘኛ አለ፣ በ2023 እንደገና ተሻሽሏል። ዋና ዋና የሚባሉ ማስረጃዎች አሉት፣ ለምሳሌ በካልቸር የተገኘ ባክቴሪያና ኢኮ ላይ የታየ ጉብታ። ትንንሽ የሚባሉም አሉት፣ እንደ ትኩሳት፣ ከበፊቱ የተጎዳ ቫልቭ፣ ቆዳ ላይ የሚታዩ ምልክቶች። ሁለት ዋና፣ ወይም አንድ ዋናና ሦስት ትንንሽ፣ ወይም አምስት ትንንሽ ከተገኘ ተረጋገጠ ይባላል። እህቴ ሁለቱንም ዋና አሟልታለች። እንዲህ ቁጭ ብሎ ለቤተሰብ የሚያስረዳ ሐኪም ብዙ ጊዜ አይገጥምም፤ አመስግኜዋለሁ፣ እዚህም ልድገመው።

መድኃኒቱ መጀመሪያ ቫንኮማይሲንና ሴፍትሪያክሶን ነበር፣ ባክቴሪያው ገና ስላልታወቀ ሰፋ አድርጎ የሚመታ። የካልቸር ውጤት ሲመጣ ወደ ክሎክሳሲሊን ተቀየረ። እዚህ ላይ ቤተሰቡ በሙሉ ደነገጠ። ክሎክሳሲሊን እኮ ቁስል ሲኖር ከመድኃኒት ቤት የምንገዛው ካፕሱል ነው! «ወደ ርካሹ ቀየሩት፣ ገንዘባችን አለቀ ብለው ነው?» ያለም ዘመድ ነበር። ሐኪሙ ታገሰን። ስታፉ ለክሎክሳሲሊን የሚሸነፍ ዓይነት ከሆነ በደም ሥር የሚሰጠው ክሎክሳሲሊን ከቫንኮማይሲን በተሻለ ይገድለዋል፣ ቫንኮማይሲን የሚያስፈልገው ባክቴሪያው ያንን ሲቋቋም ነው። ካልቸር ባይወሰድ ኖሮ ይህን ማንም አያውቅም ነበር፤ እስከ መጨረሻው በግምት ነበር የምትታከመው፣ ኩላሊቷንም ይበልጥ በሚጎዳ መድኃኒት።

መጠኑ በየ4 ሰዓቱ 2 ግራም ነው፣ በቀን 12 ግራም። ሌሊትም አለ ማለት ነው። ጉብታው ውስጥ የደም ሥር ስለሌለ መድኃኒቱ ወደ ውስጥ የሚደርሰው በጭንቅ ነው፣ ለዚህ ነው መጠኑ የሚበዛው፣ ሰዓቱም የማይዛነፈው። የሌሊት ነርሶቹን ማመስገን የምፈልገው ለዚህ ነው። ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት ያቺ ሲስተር ባትሪ ይዛ መጥታ «የኔ ቆንጆ፣ አትነሺ፣ እጅሽን ብቻ» እያለች ሰጥታት ትሄዳለች። አንድም ሰዓት ሲዘለል አላየሁም። ካኑላው (መድኃኒቱ ወደ ደም ሥር የሚገባበት ቀጭን ቱቦ) የተተከለበትን ቦታ በየፈረቃው ያያሉ፣ ቀላ ካለ ያወጡታል፤ ምክንያቱም ካኑላው ራሱ አዲስ ባክቴሪያ ማስገቢያ በር ሊሆን ይችላል። ቅዳሜና እሁድ ግን ሰው ይቀንሳል፣ ያበጠ ካኑላ እስኪቀየር ብዙ ጠብቀናል። ይህን ለኃላፊዋ ነግሬያለሁ።

ሌላ የወደድኩት ነገር፣ መድኃኒት ከተጀመረም በኋላ ካልቸሩ ደም ውስጥ ባክቴሪያ እስኪጠፋ ድረስ ተደጋግሞ ተወስዷል። መድኃኒቱ የሚሰጥበት ስድስት ሳምንት የሚቆጠረው መርፌ ከተጀመረበት ቀን ሳይሆን የመጀመሪያው ንጹሕ ካልቸር ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ነው። ካርዷ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎ ነበር። እናንተም ቀኑን ጠይቁ፣ ጻፉት።

አንድ ምሽት ራሴን አመመኝ አለች። ተረኛው ሐኪም ፓራሲታሞል ሰጥቶ አልሄደም። እጅና እግሯን አስነሳ፣ አነጋገሯን አየ፣ ሲቲ ስካን አዘዘ። ምንም አልተገኘም። የረጋ ደም ካለ ለምን ደም ማቅጠኛ አይሰጣትም ብዬ ጠየቅኩት፣ በዚህ በሽታ አንጎል ውስጥ የመድማት አደጋ ስላለው ለጉብታው ተብሎ እንደማይጀመር ነገረኝ። ኢሲጂም (የልብ ምት ምርመራ) በየጊዜው ይነሳ ነበር፣ ኢንፌክሽኑ ከቫልቩ አልፎ የልብ ምት የሚሄድበትን መስመር እንዳይነካ ለማየት።

ቀዶ ሕክምናው ላይ ግን ሆስፒታሉን እወቅሳለሁ። ይህ በሽታ ከያዛቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል። ቫልቩ ተበላሽቶ ልብ ሲደክም፣ መድኃኒት እየተወሰደ ኢንፌክሽኑ አልገታ ሲል፣ ወይም ጉብታው ከ10 ሚሊ ሜትር በልጦ ቁራጭ መላክ ሲጀምር። ይህን ያወቅነው ስለጠየቅን ነው። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ «እንዲህ ከሆነ ወደዚህ ነው የምንልካችሁ» የሚል ዕቅድ ሊነገረን ይገባ ነበር፣ ምክንያቱም እዚህ አገር ልብ የሚከፈትባቸው ቦታዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለው የልብ ማዕከል ወረፋው ምን ያህል እንደሆነ የልብ ልጅ ያለው ቤተሰብ ሁሉ ያውቃል። በመጨረሻው ሰዓት ሪፈር ተብሎ መሯሯጥ ሰው ያስገድላል። እግዚአብሔር ይመስገን እህቴ አላስፈለጋትም።

መድኃኒት ቤቱ የሆስፒታሉ ደካማ ጎን ነው። በደም ሥር የሚሰጠው ክሎክሳሲሊን ከአንድ ጊዜ በላይ አልቆባቸዋል። ብልቃጡ በብዛት ነው የሚያልቀው፣ አስቡት በየ4 ሰዓቱ። ከነማም የግልም መድኃኒት ቤት እየዞርን ገዛን። ታካሚው ለሳምንታት የሚወስደው መድኃኒት ምን ያህል እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን ይታወቃል፣ ለምን አስቀድሞ አይያዝም? ክፍያውም በየጥቂት ቀኑ ዲፖዚት ጨምሩ ነው፣ ዝርዝሩን ካልጠየቃችሁ አይሰጧችሁም። ጠይቁ። እኛ ስንጠይቅ ያልተሠራ ምርመራ ተቆጥሮ አግኝተን አስቀንሰናል።

ቨርጂኒያ ያለችው የአክስቴ ልጅ ነርስ ናት። በስልክ «እኛ ጋ እኮ ክንድ ላይ ረጅም የመድኃኒት ቱቦ ተተክሎላቸው ቤታቸው ሆነው ይጨርሳሉ» አለችኝ። ዴንማርክ ውስጥ በ400 ሰዎች ላይ ተጠንቶ በ2018 የወጣ ሥራም አለ፣ ከተረጋጉ በኋላ ወደሚዋጥ መድኃኒት የተቀየሩት በደም ሥር ከቀጠሉት የባሰ አልሆነባቸውም። ይህን ይዤ ሐኪሙን ጠየቅኩት። ጥናቱን ያውቀዋል። ነገር ግን እዚያ ሰዎቹ የተመረጡ ነበሩ፣ ቢያንስ 10 ቀን በደም ሥር ወስደው በኢኮ ታይተው፣ ከዚያም በቅርብ እየተከታተሏቸው። እኛ ቤት ከሆስፒታሉ ሩቅ ነው፣ ሌሊት ቢብስባት ማን ያመጣታል? ተኝታ ትጨርስ አለ። ተስማማሁ፣ ወጪው ቢያሳምምም።

ስንወጣ የተሰጠን ወረቀት ግን ያሳዝናል። የበሽታው ስም፣ የመድኃኒቱ ስም፣ የቀጠሮ ቀን፣ አለቀ። አንድ ጊዜ ኢንዶካርዳይተስ የያዘው ሰው እንደገና የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው በጣም ይበልጣል። ጥርስ ከመነቀሏ ወይም ድድ የሚያደማ ሥራ ከመሠራቷ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት አሞክሲሲሊን 2 ግራም አንድ ጊዜ መውሰድ አለባት፣ ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ደግሞ ሐኪሙ ሌላ ያዝለታል። ይህን የነገረችን የሌሊቷ ሲስተር ናት እንጂ ወረቀቱ ላይ የለም። በየወሩ የምትወጋው ቤንዛቲን ፔኒሲሊንም ለብቻው ነው። እሱ የሩማቲክ ትኩሳቱ ተመልሶ ቫልቩን የበለጠ እንዳያበላሽ ነው እንጂ ለጥርሱ አይተካም። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው። ትኩሳት ከተመለሰ ደግሞ ከመድኃኒት ቤት ምንም ሳይገዙ በቀጥታ መጥቶ ካልቸር መስጠት። ሆስፒታሉ እነዚህን ሦስት ነገሮች በአማርኛና በኦሮምኛ በአንዲት ትንሽ ካርድ አትሞ ቢሰጥ ወጪው ምንም ነው፣ ታካሚው ቦርሳው ውስጥ ይዟት ለጥርስ ሐኪሙ ያሳያል። ይህን ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ።

ነጥብ ካስፈለገ፦ ድንገተኛ ክፍል ሐኪሞችና ላብራቶሪ 5 ከ5። የሌሊት ነርሶች 5። የልብ ሐኪሙ 5፣ የጉሮሮ ኢኮ ባለመኖሩና አላላካቸው መጥፎ በመሆኑ ግን ለኢኮ አገልግሎቱ 3። ለቤተሰብ ስለ ቀጣዩ ዕቅድ መንገር 2። መድኃኒት ቤት 2። ሒሳብ ክፍል 2። ከወጣን በኋላ ደውለው እንዴት ሆነች ብለው ጠይቀዋል፣ ያንን አልጠበቅኩም። መድኃኒቱን ከጨረሰች በኋላ የተወሰደው ካልቸር ንጹሕ ነው፣ ቫልቩ አሁንም ያንጠባጥባል፣ በዓመቱ ውስጥ በየጊዜው ኢኮ ትነሳለች። የምትመለሰውም እዚያው ሆስፒታል ነው።